ቅዳሜ ጠዋት በኮዬ ፈጬ፦ የታዳጊዎች የሥነ ልቦና ጽናት ሥልጠና ምን ያህል ያዋጣል?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አቅራቢያ ባለ አንድ የወጣቶች ማዕከል ቅዳሜ ጠዋት የሚሰጠው ሥልጠና «ኢዝ» (EASE፣ የታዳጊዎች የስሜት ክህሎት) የተባለውን መርሐ ግብር ይከተላል። መርሐ ግብሩን የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት ሲሆን፣ ጭንቀትና ድባቴ ለተጫናቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች የታሰበ ነው። ለልጆች ሰባት፣ ለወላጆች ሦስት ክፍለ ጊዜ አለው፤ የልጆቹ 90 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የሥነ ልቦና ዲግሪ የሌለው ሰው ሠልጥኖ፣ በባለሙያ ክትትል ሊመራው ይችላል። ባለሙያ በቀላሉ በማይገኝበት የከተማ ዳር ይህ ትልቅ ዋጋ አለው።

ፍላጎቱም አለ። ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራ እንደሄዱት ቤተሰቦች፣ ከመሀል ከተማ ተነስቶ ዳር የሰፈረ ቤተሰብ ልጅ ጓደኛውን፣ ጎረቤቱንና የሚጫወትበትን ደጅ አንድ ላይ ያጣል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን የታላቅ ወንድሙን ውጤት አይቶ የሚያውቅ የ8ኛ ክፍል ተማሪም ፍርሃቱ ከራሱ ፈተና ይቀድማል።

ማዕከሉ በደንብ የሚሠራው የትንፋሽ ልምምዱን ነው። ልጁ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ እስከ ሦስት እየቆጠረ በአፍንጫው ያስገባል፣ እስከ ሦስት እየቆጠረ ቀስ ብሎ ያስወጣል፤ ትከሻው መነሳት የለበትም። ብዙ ቦታ አሠልጣኞች «በኃይል ሳቡ» ይላሉ። ያኔ ልጆቹ ከሚገባው በላይ አየር ያስገቡና ያስወጣሉ፤ በደማቸው ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ጣታቸውን ይነዝራቸዋል። የደነገጠ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ አይሞክረውም። እዚህ አሠልጣኟ አየሩን አታበዛም፣ ፍጥነቱን ብቻ ትቀንሳለች። ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ፣ ልጁ ተረጋግቶ ሳለ እንዲለማመድም ታዛለች፤ ለፈተና ቀን ብቻ የተቀመጠ ልምምድ በፈተና ቀን አይገኝምና።

ቀጥሎ ያለው ክፍል የሥልጠናው ልብ ነው። ያዘነ ልጅ መጫወት ያቆማል፤ ባቆመ ቁጥር ይበልጥ ይከፋዋል። ይህን ዑደት ለመስበር ድሮ ይወደው የነበረ አንድ ነገር ተመርጦ በትንንሽ እርምጃ ይከፈላል። «ኳስ እጫወታለሁ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ማክሰኞ 11 ሰዓት ከብሎኩ ወርዶ 10 ደቂቃ ማየት፤ ሐሙስ አንዱን ልጅ ስሙን መጠየቅ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ለጥቂት ደቂቃ መግባት። ቀንና ሰዓት ያልተጻፈበት ዕቅድ አይፈጸምም። በማዕከሉ ግን ከልጆቹ ብዙዎቹ «አጠናለሁ» ብለው ይጽፋሉ፣ ቡድኑን የሚመሩት አመቻቾችም ይቀበላሉ። ይህ ስሕተት ነው። ጥናት የወላጅ ፍላጎት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ የሚፈለገው ልጁን ደስ ያሰኘው የነበረ ነገር ነው።

ችግር መፍታትን የሚያስተምረው ክፍል በጥድፊያ ያልፋል። ልጅ «ወደ ድሮ ሰፈራችን መመለስ» ብሎ ሲጽፍ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለይቶ ከውስጡ አቅሙ የሚችለውን የሚያወጣለት ሰው ይፈልጋል፦ ከቀድሞ ጓደኛው ጋር እሑድ እሑድ በእናቱ ስልክ መነጋገር፣ በዕረፍት ጊዜ አንድ ቀን መገናኘት። ለዚህ አመቻቹ ከየልጁ ጋር መቀመጥ አለበት። ብዛት ባለው ቡድን አንድ አመቻች ብቻ ሲመድቡ አይሆንም፤ ሁለት ያስፈልጋሉ።

ትልቁ ድክመት የወላጆች ክፍለ ጊዜ በሥራ ቀን ጠዋት መደረጉ ነው። የቀን ሠራተኛም ሆነ ማለዳ አውቶቡስ ተሰልፎ መሀል ከተማ የሚሄድ አባት አይመጣም። ሦስቱ ክፍለ ጊዜዎች ደግሞ ቤቱን የሚለውጡት ናቸው። በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ምክር ሳይሰጡ ማዳመጥን፣ «ጎበዝ» ብሎ ከማለፍ «ተናደህ ሳለ እህትህን አለመምታትህን አይቻለሁ» ማለትን፣ በቁንጥጫና በዱላ ፈንታ ምን እንደሚደረግ፣ የወላጅን የራሱን ድካም ማስታገስን ያስተምራሉ። «ቻለው» ከሚል ቤት የሚመጣ ልጅ ቅዳሜ የተማረውን እሑድ ይተወዋል። እሑድ ከሰዓት ቢደረግ ብዙ ወላጅ ይደርሳል፤ ማዕከሉ ይህን አንድ ነገር ቢያስተካክል ለሠፈሩ ሁሉ ሳናመነታ እንመክረው ነበር።

ሚስጥር መጠበቅም ጥንቃቄ ይሻል። አንድ ብሎክ ላይ የሚኖሩ ልጆች አንድ ቡድን ውስጥ ሲገቡ የተነገረው በደረጃው ይወርዳል፤ ከተለያየ ብሎክ መመደብ ይሻላል።

ሥልጠናው ሕክምናን አይተካም። ልጅ መሞት እንደሚመኝ ከተናገረ ወይም ከተጠረጠረ በግልጽ መጠየቅ ይገባል፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ከወላጁ ጋር ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። አማኑኤል ሆስፒታል መርካቶ አካባቢ ስለሆነ ከኮዬ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ማን እንደሚቀበል፣ በማን ስልክ እንደሚደወል ማዕከሉ ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት ጽፎ መለጠፍ አለበት። ለማስመዝገብ የሚሄድ ወላጅም ያንን ወረቀት፣ የአመቻቾቹን ብዛትና የወላጆች ክፍለ ጊዜ የሚውልበትን ቀን አስቀድሞ ይጠይቅ።