ዕቃ ከመቀየሩ በፊት ብልሽቱን ላረጋገጠልኝ የኮምቦልቻ መካኒክ ምስጋና

ኮምቦልቻ ውስጥ አነስተኛ ጋራዥ ያለውን አንድ ወጣት መካኒክ ለማመስገን፣ በደሴ፣ በሐይቅና በአካባቢው ትንንሽ የቤንዚን መኪና ለምትነዱም ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ።

ባለ 1000 ሲሲ አውቶሞቢሌ የቼክ ኢንጅን መብራት አብርታ፣ ቤንዚን መጠጣት አብዝታና ሚኒሞ ላይ (ቆማ ሞተሯ ብቻ ሲሠራ) መንቀጥቀጥ ጀምራ ነበር፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ስትወጣማ ከጭነት መኪና ኋላ መጎተት ዕጣዋ ሆነ። ቀድሞ ያየው ሌላ ጋራዥ በኮምፒውተር መርምሮ የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) የብልሽት ኮድ ስላገኘ ብቻ፣ ከካታሊስቱ (ከጭስ ማጣሪያው) በፊትና በኋላ ያሉት ሁለቱም ሴንሰሮች ይቀየሩ ብሎ ወሰነ፤ 2500 ሜትር ገደማ የሚደርሰውን የደሴን ከፍታም በምክንያትነት ጨመረበት። የኮምቦልቻው ባለሙያ ግን አየሩ ሲሳሳ የመኪናዋ ኮምፒውተር ቤንዚኑን በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ ከፍታ ጉልበት ይቀንስ እንደሆን እንጂ በጤነኛ መኪና ላይ መብራት እንደማያበራ አስረዳኝ። «አብሽሩ ጋሼ፣ ኮዱ የት እንደምንፈልግ ነው የሚነግረን፤ ምን እንደምንገዛ አይደለም» አለኝ።

መጀመሪያ ሞተሩ ሳይሞቅ የጭስ ማውጫውን መገጣጠሚያዎች በሳሙና ውሃ ፈተሸ፤ ከሴንሰሩ በፊት ቀዳዳ ካለ የውጭ አየር እየገባ ሴንሰሩን ያሳስተዋልና። ቀጥሎ ሴንሰሩ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ካልሞቀ በትክክል ስለማይሠራ፣ የውስጥ ማሞቂያውን ሬዚስታንስና የሚደርሰውን 12 ቮልት በቴስተር ለካ። ሁለቱም ደህና ነበሩ።

ከዚያ ሞተሩን አሙቆ በደቂቃ በ2500 ዙር እያስጮኸ የፊተኛውን ሴንሰር ሲግናል ለካ። ጤነኛ ቢሆን ቮልቱ በ0.1 እና በ0.9 መካከል ቶሎ ቶሎ ይመላለስ ነበር፤ የእኔው 0.2 ላይ ተኝቷል። ብዙዎች እዚህ ላይ ነው «አዲስ ግዛ» የሚሉት፤ እሱ ግን ዝቅተኛ ቮልት ቤንዚኑ በእርግጥ አንሶም ሊመጣ እንደሚችል ነግሮኝ፣ በአየር ማስገቢያው በኩል እንደ ቤንዚን የሚቃጠል የካርበሬተር ማጽጃ ጥቂት ነፋበት። የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ፤ የኋለኛው ሴንሰር ከፍተኛ ቮልት ሲያሳይ የፊተኛው ግን ከቦታው እምብዛም አልተነቃነቀም። የፊተኛው መሞቱና የኋለኛው ጤነኛ መሆኑ በአንድ ሙከራ ታወቀ፤ የአንድ ሴንሰር ዋጋም ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ሴንሰሩን ሲፈታው ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሮበት ነበር። በቅርቡ የሞተሩ የላይ ክዳን ተከፍቶ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አዎ፣ ሌላ ቦታ ተከፍቶ በተራ ሲሊኮን ተለጥፏል። የሲሊኮኑ ትነት በሞተሩ መተንፈሻ አልፎ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠልና ሴንሰሩን እንደሚመርዘው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሲሊኮኑን ፍቆ አውጥቶ ክዳኑን በትክክለኛው ጋስኬት ባይገጥመው ኖሮ፣ አዲሱም ሴንሰር ያው ዕጣ ይጠብቀው ነበር። በጥላሸት የጠቆሩትን ካንዴላዎችም አጸዳልኝ።

ሥራውን ሲጨርስ አሮጌውን ሴንሰር አስረክቦኝ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ሐረጎን አብረን ወጣን። ሴንሰሩ ሲያሳስተው ኮምፒውተሩ ከመቶ 20 በላይ ትርፍ ቤንዚን ይጨምር እንደነበርና አሁን ግን ትርፉ ወደ ከመቶ 3 እንደወረደ በመሣሪያው አሳየኝ።

ለምርመራው ከእጅ ዋጋው ለይቶ ያስከፍላል፤ በዚህ የሚያጉረመርሙ ደንበኞች አይቻለሁ፤ እኔ ግን ሙያው ያለው ምርመራው ላይ ነው ባይ ነኝ። ሥራው ዝግ ያለ ስለሆነ ለቸኮለ ሰው አይመችም። ስልኩን ለምትፈልጉ ፈቃዱን ጠይቄ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፤ መኪናዋን ሞተሯ እንደቀዘቀዘ ማየት ስለሚፈልግ ከዋዜማው ወስዳችሁ ጋራዡ ውስጥ ብታሳድሯት ይመረጣል።