የኦቨን ሙቀት መለኪያ ስትገዙ፦ ባለ ቀስት፣ ባለ ሽቦ ወይስ ሽጉጥ መሰሉ?

የኦቨኑ ማዞሪያ 180 ላይ ቢቆምም ውስጡ 160 ወይም 200 ሊሆን ይችላል። ኬኩ ዳሩ አርሮ መሃሉ ሊጥ ሲሆን፣ ዱቄቱንና እርሾውን ከመጠርጠር በፊት ሙቀቱን መለካት ይቀድማል።

ባለ ቀስቱ ርካሽ ነው፤ ባትሪም አይፈልግም። ውስጡ የተጣበቁ ሁለት ብረቶች አሉ፤ ሲሞቁ አንዱ ከሌላው የበለጠ ስለሚለጠጥ ቀስቱን ያዞሩታል። መደርደሪያው መሃል ላይ አስቀምጣችሁ በበሩ መስታወት ታነቡታላችሁ። ግን ዝግተኛ ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ50 ዲግሪ ስለሚጀምር ትክክለኛነቱን በበረዶ ውሃ መፈተን አይቻልም።

ባለ ሽቦው ዲጂታል ዘንጉ ኦቨን ውስጥ ይገባል፣ ስክሪኑ ውጭ ይቀራል። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ጫፉን በረዶ በሞላበት ውሃ ውስጥ ስትነክሩት 0 ማለት አለበት። በፈላ ውሃ ስትሞክሩት ግን ደብረ ብርሃን ላይ 100 ካላለ ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውሃም 90 ወይም 91 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ቆላማው ሸዋ ሮቢት ላይ ግን 96 አካባቢ ይደርሳል። ከመክፈላችሁ በፊት ዘንጉም ሽቦውም ቢያንስ 250 ዲግሪ እንደሚችሉ ማሸጊያው ላይ አረጋግጡ፤ የአንዳንዱ ሽቦ ልባስ ይቀልጣል።

ሽጉጥ መሰሉ የሚለካው የኦቨኑን አየር ሳይሆን ያነጣጠራችሁበትን ነገር ገጽ ነው። በመስታወቱ በኩል ብታነጣጥሩ የመስታወቱን ሙቀት ይነግራችኋል፤ የሚያብረቀርቅ ትሪ ላይ ደግሞ ይሳሳታል። ለእንጀራ ምጣድ ግን እጅግ ጥሩ ነው፤ የተሟሸ ሸክላ ጥቁርና ደብዛዛ ስለሆነ በትክክል ይነበባል። ግንባር ላይ የሚደገነው የሕክምናው ዓይነት ለዚህ ሙቀት አልተሠራም፤ እሱን አትግዙ።

አልፎ አልፎ ድፎ ለምትጋግር ባለ ቀስቱ ይበቃታል። ኬክ ለምትሸጥ ባለ ሽቦው ያዋጣታል።

የትኛውንም ብትገዙ ኦቨኑን ግማሽ ሰዓት አሙቁት። ማታ የመብራት ኃይል ሲቀንስ ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። ኦቨን እየበራና እየጠፋ ስለሚሠራ ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ በየአምስት ደቂቃው ጥቂት ጊዜ አንብባችሁ አማካዩን ያዙ። አማካዩ ከማዞሪያው 15 ዲግሪ ካነሰ፣ ማዞሪያውን በዚያው ልክ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና ለኩ።