ያገለገለ ዚዮን ወይስ አዲስ ኮር አይ3? ብራችሁን ከመክፈላችሁ በፊት

የአክስቴ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል። አንድ ቀን ደወለና «ባለ 14 ኮር ያገለገለ የዚዮን ማሽን በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ፣ ልግዛው?» አለኝ። ሻጩ ታስክ ማናጀር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን መስኮት፣ ከፍቶ ያሳየውን ስክሪን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ 28 ትንንሽ ሳጥኖች ስክሪኑን ሞልተውታል፤ ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው፣ እያንዳንዱም እዚህ ሁለት ሳጥን ሆኖ ይታያል። ያንን ያየ ሰው ልቡ ይከጅላል፣ አልፈርድበትም። በዚያው ዋጋ ሊሠራ ይችል የነበረው አዲሱ ኮር አይ3 ማሽን የሚያሳየው 8 ሳጥን ብቻ ነው። እኔ አስቤ እስክመልስለት ገዝቶት ገባ።

በሳምንቱ ቤቱ ሄድኩ። ፎቶሾፕ ላይ ትልቅ የአልበም ገጽ ከፍቶ አንድ ፊልተር ነካ፣ ማሽኑም ደርቆ ቀረ። ታስክ ማናጀሩን ስናይ ፕሮሰሰሩ 4 ፐርሰንት ብቻ ነው የሚሠራው ይላል። «ምንም ሳይሠራ ለምን ይቆማል?» አለኝ ተናዶ። መልሱ እዚያው ስክሪኑ ላይ ነበር፦ ከ28ቱ ሳጥኖች አንዱ ጫፍ ድረስ ሞልቷል፣ 27ቱ ባዶ ናቸው። 100ን ለ28 ብታካፍሉት የሚመጣው ያ 4 ፐርሰንት ገደማ ነው። አንዱ ይለፋል፣ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ።

እንግዲህ የምናወራው ስለ ሁለት ፕሮሰሰሮች ነው። አንደኛው ኢንቴል ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 ነው፣ በ2016 የወጣ የሰርቨር ፕሮሰሰር። 14 ኮር፣ 28 ትሬድ (ሳጥኖቹ ማለት ነው)፣ 35 ሜጋባይት ካሽ (ቺፑ ውስጥ ያለ ፈጣን ማስታወሻ) አለው። አዲስ ሳለ የዝርዝር ዋጋው 1,745 ዶላር ነበር። ዳታ ሴንተሮች የድሮ ሰርቨሮቻቸውን እየቀየሩ ሲያወጧቸው ገበያው በእነዚህ ቺፖች ተጥለቀለቀ፤ ዛሬ ቺፑ ብቻውን ውጭ አገር ከ50 ዶላር በታች ይሸጣል። ሁለተኛው ኮር አይ3-12100 ነው፣ በ2022 መጀመሪያ የወጣ። 4 ኮር፣ 8 ትሬድ፣ 12 ሜጋባይት ካሽ። መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ያለበት ሲወጣ 100 ዶላር ገደማ ነበር፣ «ኤፍ» የሌለው ትንሽ ይወደዳል። የ«ኤፍ»ን ነገር ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ስለሚሳሳት።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ዚዮኑ ከፍተኛው 3.3 ጊጋኸርዝ ነው፣ ያውም ጥቂት ኮሮች ብቻ ሲሠሩ፤ ሁሉም ሲነሱ ዝቅ ይላል። አይ3 እስከ 4.3 ይሄዳል። ግን ልዩነቱ ቁጥሩ ከሚያሳየው ይሰፋል፣ ምክንያቱም አዲሱ ኮር በእያንዳንዱ ምት የሚሠራው ሥራ ራሱ ይበዛል። ስለዚህ አንድ ኮርን ከአንድ ኮር ጋር ብቻ ብትለኩ አይ3 የዚዮኑን እጥፍ ወደ መድረስ ይጠጋል። ሁሉንም ኮር አስነስታችሁ ስትለኩ ደግሞ ዚዮኑ ያሸንፋል፤ ግን የኮሩ ብዛት ሦስት እጥፍ ተኩል ሆኖ ሳለ ብልጫው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህን በደንብ ያዙልኝ። 14 ለ4 ሲባል የምትጠብቁት ዓይነት ርቀት የለም።

ታዲያ የዕለት ሥራችን ላይ የሚቆጠረው የትኛው ነው? አብዛኛው ሰው የሚከፍተው ብሮውዘር፣ ወርድ፣ ኤክሴል፣ ፎቶሾፕ፣ አውቶካድ፣ ጌም ነው። እነዚህ በአብዛኛው አንድ ወይም ጥቂት ኮሮች ላይ ተደግፈው ነው የሚሄዱት። አርክቴክት ጓደኞች ካሏችሁ ጠይቋቸው፣ አውቶካድ ላይ ከባድ ፋይል ከፍተው ሲጠብቁ ኮር ማብዛት ብዙም አላስጣላቸውም።

ቪዲዮ ኤዲቲንግ ለብቻው ሊታይ ይገባል። ስልክና አዳዲስ ካሜራዎች የሚቀርጹት ኤች.264 እና ኤች.265 የሚባለው የቪዲዮ ዓይነት በጣም የታመቀ ነው። ያንን ለመፍታት አይ3-12100 ውስጥ፣ ማለትም «ኤፍ» የሌለው ላይ፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል አለ። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ፕሪሚየር ይጠቀምበታል። ዚዮኑ ውስጥ ይህ ክፍል ጭራሽ የለም፤ ግራፊክስ ካርዳችሁ ካላገዘው በስተቀር ሁሉም ኮሮች ግለው፣ ፋኑ ጮሆ፣ ቪዲዮው ግን አሁንም ይቆራረጣል። የአክስቴ ልጅም ያጋጠመው ይኸው ነው። የሙሽሮቹን ኬክ ቆረጣ በኤች.265 ቀርጾት ቲምላይኑን ወዲያ ወዲህ ሲስብ ምስሉ እየዘለለ አስቸገረው። ሬንደር ላይ ሲያስገባው፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ ሲያስወጣ፣ ግን ማሽኑ ክፉ አልነበረም።

የ«ኤፍ» ጉዳይ እንግዲህ ይህ ነው። «ኤፍ» ማለት ውስጡ ግራፊክስ የለም ማለት ነው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ ካልገዛችሁ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም። ዚዮኑም እንዲሁ ነው። ጥሩ ካርድ ከሌላችሁ ወይም ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ጥቂት ጨምራችሁ «ኤፍ» የሌለውን ውሰዱ።

ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር ቺፑ ብቻውን ኮምፒውተር አለመሆኑ ነው። ለዚዮኑ የሚሆን ማዘርቦርድ ትልልቆቹ አምራቾች ካቆሙት ቆይቷል። ያሉት ምርጫዎች ሁለት ናቸው። ከቻይና የሚመጡት «ኤክስ99» የሚባሉት ቦርዶች አሉ፤ ብዙዎቹ ከድሮ ቦርድ ተነቅሎ የወጣ ቺፕሴት የተገጠመላቸው ናቸው፣ አንዳንዱ ስሊፕ ገብቶ አይነቃም፣ ባዮስ (ቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አፕዴት ፈልጎ ማግኘትም ፈተና ነው። ወይም ደግሞ እንደ ኤች ፒ ዜድ440 ያለ ያገለገለ ሙሉ ወርክስቴሽን አለ። እኔ ዚዮን የምገዛ ብሆን ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። ፓወር ሰፕላዩ 700 ዋት ነው፣ የራም ቦታው 8 ነው፣ ግንባታውም ጠንካራ ነው። ግን እወቁት፣ የፓወር ሰፕላዩ ማገናኛ የራሱ ዓይነት ስለሆነ ሲቃጠል ሱቅ ያለውን ማንኛውንም አንስታችሁ አትገጥሙበትም።

ራም ላይ ዚዮኑ በደንብ ይበልጣል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ያገለገለ የሰርቨር ራም ከተራው ራም ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ዚዮኑም ከራሙ በአራት ቻናል፣ ማለትም በአራት መንገድ፣ ያነባል፦ በሴኮንድ እስከ 76.8 ጊጋባይት፣ አይ3 ግን በዲዲአር4 ራም 51.2። ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ። አራቱ ቻናል እንዲሠሩ አራት ፍሬ ራም ያስፈልጋል፤ ሻጩ አንድ ባለ 32 ጊጋባይት ሰክቶ ከሰጣችሁ የከፈላችሁበትን ጥቅም እያጣችሁ ነው። ሁለተኛ፣ ያ የሰርቨር ራም ነገ አይ3 ብትገዙ ቦርዱ ላይ አይሠራም። አብሯችሁ አይሻገርም።

መብራትን በተመለከተ፣ ዚዮኑ የተመደበው ለ120 ዋት ነው፣ አይ3 ለ60፣ ሲጣደፍ ቢበዛ 89። የመብራት ሂሳቡ ብቻ አይደለም የሚያሳስበኝ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ያለ ሰው ፋይሉን ሴቭ ለማድረግ የሚያገኛት ጊዜ በዚህ ትወሰናለች። ሰርግ ኤዲት ሲያደርጉ አድሮ ሊነጋ ሲል መብራት የሄደበት ሰው ይህን ይረዳኛል።

ዊንዶውስም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከሚደግፋቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ ይህ ዚዮን የለም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በዘዴ ሊጫንበት ይችላል፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል፣ ግን ለቢሮ ሥራና ለደንበኛ ፋይል እኔ አልመክረውም። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም።

አሁን ዚዮኑን ማን ይግዛው? ኔትወርክ የሚማር፣ አሥር አሥራ አምስት ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) አንድ ላይ የሚያስነሳ ሰው ይግዛው፣ ዓይኑን ሳያሽ። የማውቀው ተማሪ ዜድ440 ላይ 128 ጊጋባይት ራም ሞልቶ ሙሉ ላብራቶሪ ቤቱ አቁሟል፤ አይ3 በዚያ ሥራ አጠገቡ አይደርስም። ብሌንደር ላይ በፕሮሰሰር ሬንደር የሚያደርግ፣ ትልቅ ኮድ ኮምፓይል የሚያደርግ፣ ወይም ብዙ ካርድ መሰካት የሚፈልግም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ዚዮኑ ካርዶች የሚገናኙበት 40 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር አለው፣ አይ3 20 ብቻ። ለቀረነው፣ ማለትም ለአብዛኞቻችን፣ አይ3-12100 ይሻላል። ገንዘብ ሲገኝም ቦርዱን ሳትቀይሩ ባዮሱን አድሳችሁ እስከ 14ኛው ትውልድ አይ5 ወይም አይ7 ልታስገቡበት ትችላላችሁ። ዚዮኑ ላይ ከፍ ብትሉ የምታገኙት በአብዛኛው ተጨማሪ ኮር ነው፣ ያውም በዚያው ፍጥነት።

ዚዮን ልትገዙ ከወሰናችሁ ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የሻጩን ቪዲዮ ሳይሆን የእናንተን፣ በጣም የሚያስቸግራችሁን። ክፈቱት፣ ስሩበት፣ ታስክ ማናጀሩን ከጎን አድርጉ። ሳጥኖቹ ሁሉ እኩል የሚነሱ ከሆነ ግዙት። ራሙ በስንት ቻናል እንደሚሠራ ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም እዩ። ስሊፕ አስገብታችሁ አንቁት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሪስታርት አድርጉት፣ ግማሽ ሰዓት ሬንደር ላይ ትታችሁት ሙቀቱን ተመልከቱ። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።