አዲስ አፓርታማ፣ የሚያፈስ መስኮት፦ የስላይዲንግ አልሙኒየም ግምገማ

አዲስ አበባ ውስጥ በአዳዲስ አፓርታማዎች ላይ በብዛት የሚታየው ባለ ሁለት ክንፍ ስላይዲንግ (ወደ ጎን የሚንሸራተት) የአልሙኒየም መስኮት ነው፤ ወርዱ 150፣ ቁመቱ 120 ሳንቲሜትር ገደማ። በበጋ ለሚያየው እንከን የለውም። ጉዱ የሚወጣው ሐምሌ ሲገባ ነው፦ ከመስኮቱ ግርጌ ስቱኮው ያብጣል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ጥጉ ይሻግታል። ሲደወልለት የሚመጣው ሠራተኛ በእጁ የያዘው አንድ ሲሊኮን ነው። ከ10 ነጥብ ይሰጥ ከተባለ፣ ለዕቃው 6፣ ለአገጣጠሙ 3፣ ለሲሊኮኑ ዜሮ።

ዋናው ነገር ያለው ክንፎቹ የሚንሸራተቱበት የታችኛው ሀዲድ ላይ ነው። ስላይዲንግ መስኮት ጠብታ ውሃ አያስገባም ብሎ የሚጠብቅ ይሳሳታል። ዝናብ በክንፎቹ ጠርዝ ባለው ብሩሽ (ባለ ፀጉር ማሸጊያ) በኩል አልፎ ሀዲዱ ውስጥ መውረዱ አይቀርም፤ ቤቱ የሚድነው የወረደው ውሃ በማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ወደ ውጭ ሲመለስ ነው። ለ150 ሳንቲሜትር ሀዲድ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ሞላላ ቀዳዳ፣ 5 በ25 ሚሊሜትር የሆነ፣ ያስፈልጋል። ክብ ከሆነ ስፋቱ ከ8 ሚሊሜትር አይነስ፤ ከጠበበ ውሃው ራሱ ቀዳዳው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይደፍነዋል። በየሳይቱ የሚያጋጥመው ግን በ4 ሚሊሜትር መብሻ የተበሳ ነው፤ ያውም በውጭኛው ሀዲድ ብቻ። የውስጠኛው ተረስቷል። እዚያ የተጠራቀመው ውሃ ሞልቶ ሲፈስ መሄጃው ሳሎን ነው።

በትክክል የተበሳውንም ልስን ይደፍነዋል። ፍሬሙ ከልስን በፊት ይገባል፣ መከላከያ ላስቲኩ ያለጊዜው ይላጣል፣ ከልሳኙ እጅ የወደቀው ሲሚንቶ ሀዲዱ ውስጥ ደርቆ ይቀራል። እርጥብ ሲሚንቶ አልሙኒየምን ይበላል፤ በኋላ ፍሬሙ ላይ ነጭ ነጭ ሆኖ የሚታየው ቆሻሻ ሳይሆን የተጎዳው የፕሮፋይሉ (ፍሬሙ የተሠራበት የአልሙኒየም ዘንግ) ገጽ ነው። ቢያሹት አይለቅም።

ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ ሀዲዱ ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ 1 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ሰባተኛና ስምንተኛ ፎቅ ላይ የሀዲዱ የውስጥ ከንፈር (በቤቱ በኩል ያለው ጠርዝ) ከፍታው 2 ሳንቲሜትር እንኳ ካልሞላ፣ ቀዳዳው ንጹሕ ሆኖም ውሃ ሊገባ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ከንፈሩ ከፍ ያለ ፕሮፋይል መግዛት ብቻ ነው።

ሙከራው ቀላል ነው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሀዲዱ ላይ ያፍስሱ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በውጭ በኩል መውረድ አለበት። ከዚያ ማፍሰሻዎቹን በፕላስተር ደፍነው ሀዲዱን በውሃ ይሙሉትና ከፍታውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። 30 ደቂቃ ቆይተው ሲመለሱ ውሃው ከምልክቱ ወርዶ ከሆነ ወደ ግድግዳው እየሰረገ ነው፤ ወይ በማዕዘኑ፣ ወይ ለብሎን በተበሳው ቀዳዳ። የማዕዘኑ ጥፋት የወርክሾፕ ነው፦ ቋሚውና አግዳሚው በብሎን ሲታሰሩ ከመሃላቸው ማሸጊያ መግባት ነበረበት፣ አልገባም። ፍሬሙ ተገጥሞ ከተለሰነ በኋላ ያንን ቦታ ከታች በኩል የሚያገኘው ሰው የለም። ከላይ የሚቀባው ሲሊኮን አንድ ክረምት ቢያሻግር ነው።

አገጣጠሙ 3 ያገኘው በአንድ ምክንያት አይደለም። ወርክሾፑ የአንዱን ወለል አንድ ክፍት (ለመስኮት የተተወ የግድግዳ ቦታ) ለክቶ ሁሉንም መስኮት በዚያው ልክ ይቆርጣል፤ የብሎኬት ሥራ ግን ከክፍት ክፍት 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ይለያያል። ጠባቡ ላይ ፍሬሙ በመዶሻ ይገባና ይጣመማል፣ ሰፊው ላይ ክፍተቱ በሲሚንቶ ይሞላል። በየጎኑ መተው ያለበት ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ነው፣ ምክንያቱም አልሙኒየም ይለጠጣል፦ ጥቁር ቀለም የተቀባ 150 ሳንቲሜትር ፍሬም ከሌሊቱ ብርድ እስከ ቀትሩ ፀሐይ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ቢለዋወጥ ወደ 1.4 ሚሊሜትር ይሄዳል። ሲሚንቶ ይህን አይችልም፤ ዙሪያውን የፀጉር ያህል ይሰነጠቃል። መጣመሙን ለማወቅ ከጥግ ወደ ጥግ ሁለቱንም ሰያፎች በሜትር ይለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊሜትር ካለፈ ክንፉ ከላይ ሲገጥም ከታች ይከፈታል።

ፍሬሙን ከግድግዳው የሚያስረው ብሎን ከማዕዘን ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር፣ ከዚያ በየ60 ሳንቲሜትሩ መምጣት አለበት። ባዶ ብሎኬት ላይ የገባ ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) ይሽከረከራል እንጂ አይዝም፤ የክፍቱ ጠርዝ አስቀድሞ በኮንክሪት መሞላት ነበረበት። ፍሬሙን በእጅዎ ገፋ አድርገው ይዩት፣ ከተነቃነቀ ያዘው ልስኑ ብቻ ነው።

ከመስኮቱ ግርጌ በውጭ በኩል ያለው እብነ በረድ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፣ በ20 ሳንቲሜትር ቢያንስ 1 ሳንቲሜትር። ከግድግዳውም ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ወጣ ብሎ ከሥሩ የጠብታ ቦይ ሊኖረው ይገባል። ውሃ ልክ ያስቀምጡበት። ወደ ውስጥ ያዘነበለ አይታጣም፤ የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ጭምር የሸፈነም አለ።

ወደ ሲሊኮኑ እንመለስ። አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ለመስታወት ይሆናል፤ ሲሚንቶና ልስን ላይ ግን በደንብ አይያዝም። ለግድግዳ የሚሆነው የማይሸተው ኒውትራል ነው፤ እሱም አቧራ ላይ ወይም እርጥብ ልስን ላይ ከተቀባ በጥፍር ይላጣል። ውፍረቱ ከ5 ሚሊሜትር ካነሰ ሲለጠጥ ይበጠሳል።

ዕቃው 6 ያገኘው ፕሮፋይሉ ደህና ስለሆነ ነው፣ የአልሙኒየሙ ውፍረት 1.2 ሚሊሜትር ከሆነ ለዚህ ልክ ይበቃል። ነጥብ ያስጣለው ሮለሩ፣ ማለትም ክንፉ የሚሄድበት ትንሽ ጎማ፣ ነው። ባለ 6 ሚሊሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ይመዝናል፤ አንዱ ክንፍ ከነፍሬሙ ከ13 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ርካሹ የፕላስቲክ ሮለር በዚህ ክብደት ጠፍጥፎ መስኮቱ መጎተት ይጀምራል። አንድ ነገር ደግሞ ሳይሞክሩ አይውጡ፦ መስኮቱን ዘግተው ክንፉን ወደ ላይ ያንሱት። ከሀዲዱ ከወጣ ማገጃው አልተገጠመለትም። ምድር ቤት ከሆነ ሌባም ያነሳዋል፣ ፎቅ ከሆነ መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 መሠረት ሥራ ተቋራጭ ለአሠራሩ የ10 ዓመት ዋስትና አለበት፤ ቤቱን ከሪል ስቴት የገዙ ከሆነ ግን የራስዎን ውል ያንብቡ። በርክክብ ሰነዱ ላይ «መስኮት ያፈሳል» ብለው ከጻፉ ሲሊኮን ይቀባልዎታል። «መኝታ ቤት 2፣ የግራ ማዕዘን፣ በ30 ደቂቃ ውሃው 1 ሳንቲሜትር ወረደ» ብለው ከጻፉ ፍሬሙ ወልቆ እንዲታይ መጠየቂያ አለዎት።