«ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ቢሏችሁ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቆየት ያለ መርሴዲስ፣ ቢኤምደብሊው ወይም ሌላ ውድ የአውሮፓ መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ በተለይ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ አትለፉ። መኪናችሁ አንድ ጠዋት አልነሳም ብትልና የመጣው መካኒክ የመመርመሪያ ማሽን ሰክቶ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» (ሞተሩን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክ ሳጥን ማለቱ ነው) ቢላችሁ፣ ቀብድ እንዳትሰጡ። ኮምፒውተሩን ነቅሎ እንዲወስድም በፍጹም እንዳትፈቅዱ። እህቴ ላይ የተሠራው ሥራ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም ነው የምጽፈው።

እህቴ በፈረንጆቹ 2008 የተሠራች መርሴዲስ ሲ 200 ኮምፕረሰር አላት፤ ጋራዦች ደብሊው 204 የሚሏት። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ወጥታ ልትነዳ ስትል ቁልፉ ይገባል፣ ግን አይዞርም። ክሩስኮቱ፣ ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ፣ ጨለማ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ድምፅ የለውም። በሩ ግን በሪሞት ይከፈታል፣ የውስጥ መብራቱም ቦግ ብሎ ይበራል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ባትሪ የሞተበት መኪና እንዲህ አያደርግም።

ሰው የጠቆማት ጋራዥ ልጆች ላከ። ማሽናቸውን ሰኩ። ስክሪኑ ላይ ቀይ በቀይ የሆነ ዝርዝር መጣ፤ የሞተር ኮምፒውተር አይመልስም፣ ካምቢዮ አይመልስም፣ ይሄም አይመልስም፣ ያም አይመልስም። «እህት፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ተቃጥሏል፤ ከዱባይ እናስመጣልሻለን» አሏት። ዋጋው 280 ሺህ ብር፣ ግማሹ በቅድሚያ። ከፈለች። ደረሰኝ የለም፤ ብሩ የገባውም በግለሰብ ሒሳብ ነው። ኮምፒውተሩን «ለናሙና» ብለው ነቅለው ይዘው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ዛሬ ነገ ነው። ዕቃው ዘገየ፣ ጉምሩክ ያዘው፣ ልጁ ታመመ፣ በመጨረሻ ስልክም አይነሳም።

ኮምፒውተራችሁ ሰው እጅ ከገባ መኪናችሁ የትም አትሄድም። ሌላ ባለሙያ ይያት ብትሉ እንኳን ሊያስነሳላችሁ አይችልም። ስለ ቀብዱ ብቻ አታስቡ፣ ዋናው መያዣ እሱ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ቀሪውን ብር የሚከፍለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዘመድ በኩል አንድ በዕድሜ የገፉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አገኘን። የያዙት ቮልት መለኪያና መፈተሻ አምፖል ብቻ ነው። መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ፣ 12.5። «ባትሪሽ ደህና ነው ልጄ» አሏት። ከዚያ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀመጡና ሁላችንንም ዝም አሰኙን። ቁልፉን ከተቱ፣ አዳመጡ። አወጡ፣ እንደገና ከተቱ።

«ሰማችሁ?»

«ምንም አልሰማንም ጋሼ።»

«እኮ! መሰማት ነበረበት።»

ለካ ደህና ደብሊው 204 ቁልፍ ሲገባባት ከመሪው ሥር ዝዝት የምትል አጭር ድምፅ ታሰማለች። መሪውን የምትቆልፈውና የምትከፍተው ትንሽ ሞተር ናት። ጋሼ ከመሪው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ፈቱ፣ የቆላፊውን ብረት በካቻቢቴ እጀታ ቀስ እያሉ መታ መታ አደረጉ፣ እህቴ ቁልፉን አስገባች። ዝዝት! ቁልፉ ዞረ። ክሩስኮቱ በአንዴ ሙሉ በሙሉ በራ።

ልብ በሉ፣ በዚያ ሰዓት የሞተሩ ኮምፒውተር መኪናዋ ውስጥ የለም፤ ጋራዥ ነው ያለው። ኮምፒውተሩ ሳይኖር ቁልፉ ከዞረና መብራቱ ከበራ፣ መጀመሪያውኑ ቁልፉን ያስቆመው ኮምፒውተሩ አልነበረም ማለት ነው። እህቴ እዚያው እንባዋ መጣ።

አሠራሩን ላስረዳ፣ ምክንያቱም አሠራሩን ያወቀ ሰው በቀላሉ አይታለልም። የዚህች መኪና ቁልፍ እንደ ድሮ ቁልፍ በጥርስ አይሠራም። ቁልፉ ከሚገባበት ሳጥን ጋር በዓይን በማይታይ ብርሃን ይነጋገራል። ሳጥኑ ቁልፉን ካወቀው መሪ ቆላፊውን «ክፈት» ይለዋል። ቆላፊው ከፈተና «ከፍቻለሁ» ብሎ ከመለሰ በኋላ ነው ቁልፉ የሚዞረውና ኤሌክትሪክ ወደ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚሄደው። የቆላፊው ትንሽ ሞተር በጊዜ ብዛት አልቆ ሲቆም ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ይቆማል። ማሽኑ ያሳየው ቀይ ዝርዝርም ይሄው ነው። ኤሌክትሪክ ያልደረሰው ኮምፒውተር ቢጠሩት አይመልስም። አልመለሰም ማለት ተቃጠለ ማለት አይደለም! ይሄ ብልሽት በዚህ ሞዴል ላይ በዓለም ዙሪያ በደንብ የሚታወቅ ነው፤ መርሴዲስ እንሠራለን የሚል ጋራዥ አላውቅም ሊል አይገባም።

ቆላፊውን ተክቶ «ከፍቻለሁ» የሚል መልስ የሚሰጥ ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ አለ። ውጭ አገር ከ100 ዶላር በታች ይሸጣል፤ ከመኪናዋ ጋር ማስተዋወቁ ለብቻው ይከፈላል። ይሄ ዕቃ ሲገባ መሪው መቆለፉ ይቀራል፣ ያንን አውቃችሁ ግቡበት፤ የቁልፉ ኤሌክትሮኒክ ጥበቃ ግን እንዳለ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ከሌላ መኪና የወለቀ ቆላፊ ገዝቶ እንዲሁ መግጠም ግን አይሠራም። ደግሞ እንዲህ መታ መታ ተደርጋ ከነቃች፣ ሠሪው ጋ እስክትደርሱ ቁልፉን እንዳትነቅሉ። ከተነቀለ መሪው መልሶ ይቆለፋል፣ ዳግመኛ ላይከፈትም ይችላል።

ሌሎች መኪኖች ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። በፈረንጆቹ ከ2002 ጀምሮ የመጣችው መርሴዲስ ኢ ክላስ፣ ደብሊው 211፣ ከ2006 እድሳት በፊት የተሠራችው ሁለት ባትሪ አላት። ትልቁ ያለው ፖርታባጋልዮ ውስጥ ወለሉ ሥር ነው፣ ኮፈኑ ሥር ያለው ትንሹ ነው። ኮፈን ከፍቶ ትንሹን ለክቶ «ባትሪ ደህና ነው፣ ኮምፒውተር ነው» የሚል መካኒክ ካያችሁ አመስግናችሁ ሸኙት። ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። በተለይ ሞተር ሲሞቅ ጠፍታ፣ ቀዝቀዝ ሲል የምትነሳ ከሆነ፣ የሞተሩን ዙር የሚያነበው ሴንሰር መጠርጠር አለበት፤ ከኮምፒውተር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። ክረምት ላይ ደግሞ የፊት መስታወት ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ይደፈንና ውሃ ወደ ፊውዝ ሳጥኖቹ ይገባል። ከኃይለኛ ዝናብ ማግስት አልነሳም ካለች መጀመሪያ እሱ ይታይ።

ስለ ባትሪ ትንሽ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ቆማ ያደረች መኪና ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ካለ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ምንም ምርመራ አይጀመር፣ ቻርጅ ይደረግ። ሞተሪኖው ሲዞርም ከ10 ቮልት ብዙ መውረድ የለበትም። በደከመ ባትሪ ማሽን ከተሰካ እነዚህ መኪኖች የውሸት ስህተት ይደረድራሉ። ያንን ዝርዝር ይዞ ዕቃ ማስገዛት ለጋራዡ ቀላል ገንዘብ ነው።

ያገለገለ ኮምፒውተር «አስመጥተን እንገጥማለን» የሚሉትም ሌላ ጉድ አለው። የመርሴዲስ የሞተር ኮምፒውተር ከመጣበት መኪና ቁልፍ ጋር የታሰረ ነው። ከሌላ መኪና ወልቆ እንዲሁ ቢሰካ ሞተሩን አያስነሳም፤ የድሮው መረጃ ጠፍቶ እንደገና ለእናንተ መኪና መጻፍ አለበት። ስለዚህ ዕቃውን ማን ነው የሚጽፈው፣ በምን መሣሪያ ነው፣ ካልሠራ ብሩ ይመለሳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አታስቢ እህት» ከሆነ፣ ያኔ ነው ማሰብ ያለባችሁ።

እንዲህ ያለው ነገር የበዛው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ተሰቀለ። ሰው ያለውን አሮጌ መኪና አጥብቆ ያዘ፤ ውድ ዋጋ ሲነገረውም «ዘንድሮ ምን ርካሽ አለ» ብሎ ይቀበላል። ሐቀኛ ጋራዦች አሉ፣ ስማቸውን ጠብቀው የሚሠሩ። እነሱም በእነዚህ አታላዮች ምክንያት ነው የሚታሙት።

ስለዚህ መኪናችሁን የሚያይ ሰው ምን እንደለካ ያሳያችሁ። ቁልፉ ሲዞር ኮምፒውተሩ ጋ ኤሌክትሪክና መሬት (ኔጌቲቩ) መድረሱን በመፈተሻ አምፖል አሳየኝ በሉት፤ ካልደረሰው ተቃጠለ ማለት አይቻልም። ሁለተኛ ቁልፍ ካላችሁ እሱም ይሞከር። ካምቢዮዋ ፒ ላይ ተቆልፎ የቀረች አውቶማቲክ መኪናም በገመድ አትጎተትም፣ በጫኝ መኪና ነው የምትሄደው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ደረሰኝ ስትጠይቁ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ከሆነ ውጡ።

እህቴ ኮምፒውተሩን ያገኘችው ፖሊስ ይዛ እንደምትመጣ ስትነግራቸው ነው። ተመልሶ ሲሰካ፣ በቆላፊው ፋንታ ያ ትንሽ ዕቃ ገብቶ ስለነበር፣ መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ከቀብዱ ግን አሁን ድረስ አንድ ብር አልተመለሰላትም፤ «ለምርመራና ለትራንስፖርት ወጥቷል» ነው መልሳቸው።

አሁን ኮምፒውተራችሁ ሰው እጅ ላይ ያለ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁ። ስትረከቡ ልጥፉ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሡ፣ መኪናችሁ ላይ ሰክተው በማሽን የሻንሲ ቁጥሩን እንዲያነቡላችሁ አድርጉና ከሊብሬያችሁ ጋር አስተያዩ። የማይገጥም ከሆነ የእናንተ ዕቃ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ፈርማችሁ እንዳትረከቡ፣ ከዚያ ግቢ ሳትወጡ ፖሊስ ጥሩ።