ከማተሙ በፊት የሚያነብ ኢንተርኔት ቤት በደብረ ብርሃን

በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ ስካነር ያለው ጠባብ ኢንተርኔት ቤት አለ። ላለፉት ሦስት ዓመታት ደንበኛው ነኝ። ፍጥነቱ ከሌሎቹ አይለይም፤ መብራት ሲጠፋም እንደ ሌሎቹ ሥራ ያቆማል። ስለዚህ ቤት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለቤቷ የሰው ወረቀት ከማተሟ በፊት ከባለጉዳዩ ጋር የማንበብ ልማድ ያላት መሆኗ ነው። ይህ ልማድ የአንድ ቤተሰብ ጥሪት ሲያድን በዓይኔ አይቻለሁ።

የአክስቴ ባል ከሞላሌ የመጡት በልጃቸው ኢሜይል የደረሰ ደብዳቤ ለማሳተም ነበር። ደብዳቤው የእንግሊዝ አገር ሎተሪ 850,000 ፓውንድ እንደ ወጣላቸው ይገልጽና ለ«ማስለቀቂያ» 18,000 ብር እንዲያስገቡ ይጠይቃል። ገንዘቡን በግ ሸጠው አሟልተው፣ በመሐረብ ቋጥረው ከጋቢያቸው ሥር ይዘውታል። ባለቤቷ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበበችና «አባቴ፣ ይህን ሎተሪ መቼ ቆረጡት?» ብላ ጠየቀቻቸው። «እኔስ አልቆረጥሁም ልጄ፤ በኢሜይሉ ዕጣ አውጥተውለት ነው» አሉ። ያልተቆረጠ ሎተሪ እንደማይወጣ ከእርሳቸው የተሰወረ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ጥያቄው እስኪነሣ ድረስ ማንም አላሰበውም።

«ተታለሉ» ብላ አላሳፈረቻቸውም። ስክሪኑን ወደ እርሳቸው አዞረችና የላኪውን ስም ስትነካው ከሥሩ እውነተኛው አድራሻ ወጣ፤ ስሙ የሎተሪ ድርጅት ቢሆንም አድራሻው ግን ማንም ሰው በነጻ የሚከፍተው ተራ ኢሜይል ነበር። መልስ ለመጻፍ ስትሞክር ደግሞ የሚሄደው ወደ ሌላ ሦስተኛ አድራሻ ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤው «ውድ አሸናፊ» ብሎ ይጀምራል እንጂ የልጁን ስም አይጠራም፤ ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብም በአንድ ግለሰብ ስም የተከፈተ ነው። እርሷ አጥብቃ ያሳየቻቸው ግን «ክፍያው እስኪጠናቀቅ ለማንም አይንገሩ» የሚለውን መስመር ነው። ይህ መስመር የሚጻፈው ሰውየው ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም የባንክ ሠራተኛ እንዳያማክር ነው፤ አምስት ቀን ብቻ የሚሰጠው የጊዜ ገደብም እንዲሁ አስቦ እንዳይወስን ለማጣደፍ ነው።

የአክስቴ ባል ገና ስላላመኑ በሚያውቁት ነገር አስረዳቻቸው። ብሔራዊ ሎተሪ ከተቋቋመበት ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ዕጣ የሚወጣለት ቲኬት የያዘ ሰው ነው፤ ግብርም ቢኖር ሽልማቱን የሚከፍለው ድርጅት ከሽልማቱ ላይ ቀንሶ ያስቀራል እንጂ አሸናፊው ከኪሱ አስቀድሞ እንዲልክ አይጠየቅም። መሐረቡ ሳይፈታ ወደ ሞላሌ ተመለሰ። ልጁ ግን የፓስፖርቱን ቅጂ አስቀድሞ ልኮ ስለ ነበር የይለፍ ቃሉን እንዲቀይር፣ ዳግመኛ መልስ እንዳይጽፍ፣ ለፖሊስ ለማመልከት ማስረጃ ስለሚሆንም ደብዳቤውን እንዳያጠፋ ነገረችው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት ማታለልን በወንጀልነት ይደነግጋል። ገንዘብ ለላከ ሰው ደግሞ ጥቂት ቆይቶ «ያጣኸውን ላስመልስልህ» የሚል ሌላ ደብዳቤ ሊመጣ እንደሚችል አክላ አስጠነቀቀችው። ይህም የዚያው ማጭበርበር ሁለተኛ ዙር ነው።

በአካባቢያችን ከእንግሊዝ ሎተሪ ይልቅ ሰው የሚጎዳው በዲቪ ስም በሚመጣው ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አንድ ሰው መመረጡን በኢሜይል አያበስርም፤ ውጤቱን አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ያያል፤ የቪዛውም ክፍያ አስቀድሞ በገንዘብ ማስተላለፊያ የሚላክ አይደለም። በዚህ ቤት ዲቪ የሞላ ሰው የማረጋገጫ ቁጥሩን ገጽ አትሞ ይዞ ይወጣል፤ የሚሞላለትም በራሱ ኢሜይል ነው። ይህን አቅልሎ የሚያይ ሰው አይኑር። ሌላ ቦታ ቁጥሩን ለራሳቸው አስቀርተው፣ ዕጣው ሲወጣ በሺዎች የሚቆጠር ብር ካልተከፈለን አንሰጥም ያሉ ዲቪ የሚሞሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ቁጥሩ በእጁ የሌለ ሰው «ደርሶሃል» የሚለው ኢሜይል ሐሰተኛ መሆኑን የሚያጣራበት መንገድም ይጠበዋል።

ቤቱ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ስክሪኖቹ ወደ በሩ ስለሚዞሩ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው የሌላውን ደብዳቤ ያነባል። አንድ ጊዜ ከእኔ በፊት የተቀመጠ ሰው ኢሜይሉን ሳይዘጋ ሄዶ አግኝቼ እኔው ዘግቼለታለሁ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ስካን የተደረጉ ፓስፖርቶችና መታወቂያዎች እስከ ምሽት ድረስ ኮምፒውተሩ ላይ መቆየታቸው ነው። አጭበርባሪ የሚመኘው ይህንኑ ነውና እንዲህ ጠንቃቃ የሆነች ሴት ይህን መተዋ አይገባኝም። ባለቤቷ ሱቁን ስትዘጋ እንደምታጠፋቸው ነግራኛለች፤ ምሽት ግን ይዘገያል። ስካን ያስደረገ ሰው ከመቀመጫው ሳይነሣ ፋይሉ በፊቱ እንዲጠፋለት ይጠይቅ፤ እኔ በጠየቅኋት ቁጥር ሳትሰለች አጥፍታልኛለች።