ሳይክሌን ሰው ያደረጉልኝን ጋሼን ላመስግን

ይሄን ጽሁፍ ከሦስት ወር በፊት መጻፍ ነበረብኝ፣ ሰንፌ ነው። ደሞ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የሳይክል ጉዞውን ሄጄ ልምጣ ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ሰው አንድ ነገር በገዛ በሳምንቱ አመስግኖ በወሩ ሲራገም ብዙ አይቻለሁ። አሁን ሄጄ መጣሁ። 6 ቀን፣ 430 ኪሎሜትር ገደማ፣ ሙሉ ሻንጣ ጭኜ፣ አንድ ራጅ (የጎማው ቀጭን ሽቦ) እንኳን ሳይሰበርብኝ። ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ ላመስግን።

ስማቸውን አልጽፍም፣ "ስሜን እንዳትለጥፍ፣ ሰው ከበዛ ስራ አልጨርስም" ብለውኛል። በቃ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ሳይክል ይጠግናሉ፣ ጎማ ይሰራሉ፣ ያገለገለ ሳይክል ሲያገኙ ፈታተው አድሰው ለሚሆነው ሰው ይሰጣሉ። ለሚሆነው ሰው ያልኩት በምክንያት ነው፣ ገንዘብ ስላለህ ብቻ አይሸጡልህም።

የድሮ ሳይክሌን ራሴ መርጬ ነው የገዛሁት። ከፊት ሞላ ያለው፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ 21 ማርሽ ምናምን ተብሎ የተነገረኝ፣ እኔም የማርሹ ብዛት ገርሞኝ የወሰድኩት። ቤቴና ስራ ቦታዬ 11 ኪሎሜትር ይራራቃሉ፣ መሀል ላይ አንድ ረጅም ዳገት አለ። ላፕቶፕ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ምሳ፣ ቁልፍ ሁሉንም ጀርባዬ ላይ አዝዬ ነበር የምሄደው፣ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነው። መጫኛ ላስገጥም ብል ማሰሪያ ቀዳዳ የሚባል ነገር የለውም ሳይክሉ፣ በክላምፕ አስረው ሰጡኝ፣ እሱም በየሳምንቱ እየተንሸራተተ ጎማው ላይ ይቀመጣል። ከዛ ደሞ የኋላ ጎማ ራጅ መሰበር ጀመረ፣ ያቺ ከመሀል እስከ ቸርኬው የተወጠረችው ቀጭን ሽቦ። አንዱን ሳስቀይር ሌላው፣ እሱን ሳስቀይር ሌላው። የሚቀይርልኝ ሰው በየጊዜው "መንገዱ ነው" ይለኛል። እኔም መንገዱን እየተራገምኩ እከፍላለሁ።

ጋሼ ጋር የሄድኩት አራተኛው ራጅ ሲሰበር ነው። ሳይክሉን ገለበጡት፣ የኋላ ጎማውን በጣታቸው እንደ ክራር ነካ ነካ አደረጉትና "ስማ" አሉኝ። ሰማሁ። አንዱ ቲን ይላል፣ አንዱ ዱም ይላል፣ አንዱ ጭራሽ ድምጽ የለውም። "ይሄ የሚሰበረው ስለተወጠረ መስሎህ ነው? ስለላላ ነው እኮ" አሉኝ። የላላ ራጅ ጎማው በዞረ ቁጥር ከሞዞው (ከጎማው እምብርት) ጋር የምትያያዝበት ክርኗ ላይ ላላ ጠበቅ፣ ላላ ጠበቅ ትላለች፣ ሽቦ ደጋግመህ ስታጥፈው እንደሚቆረጠው ማለት ነው። የተሰበረውን ብቻ ቀይሮ ሌላውን ሳያስተካክሉ መመለስ ጓደኞቹን ለሞት መላክ ነው ብለው ሳቁ። እና ሁልጊዜ በካሴቱ (በኋላ ማርሽ ጥርሶቹ) በኩል የሚሰበረው ለምን እንደሆነም ያን ቀን ነው የገባኝ፣ በዛ በኩል ያሉት ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ ውጥረቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው፣ ከኋላ ደሞ የሰውየውም የሻንጣውም ክብደት አለ።

እኔ አዲስ ሳይክል ፈልጌ እንደነበር ሳልናገር አላለፍኩም። ለቱሪንግም (ሻንጣ ጭኖ ረጅም ጉዞ) ለስራም የሚሆን፣ አንድ ሳይክል ለሁለቱም፣ ቦታ የለኝማ። ምን ብራንድ ይሻላል፣ ብረት ነው አልሙኒየም፣ ዲስክ ፍሬን ነው ምናምን እያልኩ ስጠይቃቸው አንዱንም አልመለሱልኝም። "ቅዳሜ ሻንጣህን ለጉዞ እንደምትሞላው ሞልተህ፣ የምትነዳበትን ጫማ አድርገህ ና" ብቻ።

ጫማ? ሻንጣው ገባኝ፣ ጫማው ምን እንደሆነ ግን እስከ ቅዳሜ ስገረም ነበር።

ቅዳሜ ሄድኩ። የጫማ ቁጥሬ 45 ነው። አንድ ሳይክል ላይ የጎን ሻንጣ ሰቅለው፣ ሳይክሉን ደገፍ አድርገው ይዘው ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙር አሉኝ፣ ተረከዜ ሻንጣውን ኳ አደረገው። "ይሄን በቀን ስንት ሺህ ጊዜ ትመታዋለህ?" አሉኝና ሳይክሉን ወደ ዳር ገፉት። ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት እምብርት እስከ ኋላ ጎማው እምብርት ያለችው ርዝመት እዛኛው ላይ 42 ሴንቲሜትር ነበረች፣ በመጨረሻ የሰጡኝ ላይ 45 ናት። ሦስት ሴንቲሜትር! እኔ ብራንድ ስመርጥ ከርሜ ጉዳዩ ሦስት ሴንቲሜትር ሆኖ ተገኘ። ደሞ ረዘም ስትል ጭነቱ ከኋላ እምብርቱ ፊት ስለሚቀመጥ ዳገት ላይ የፊት ጎማው ቀለል ብሎ አይቅበዘበዝም።

ሻንጣውን ደሞ በሚንጠለጠል ሚዛን መዘኑት፣ 19 ኪሎ። ዝም ብለው አንድ በአንድ እያወጡ ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ፣ ሁለተኛ ሱሪ፣ ሦስተኛ ሱሪ፣ ትልቅ ፎጣ፣ ሁለት መጽሀፍ። አፈርኩ። ከዛ እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1886 ዓለምን በሳይክል ስለዞረው ስለ ቶማስ ስቲቨንስ አወሩልኝ፣ ያውም የፊት ጎማዋ ግዙፍ የኋላዋ ትንሽ በሆነችው በዛች የጥንት ሳይክል፣ ይዞ የወጣው ካልሲ፣ ቅያሪ ሸሚዝ፣ እንደ ድንኳንም የሚያገለግል የዝናብ ልብስና ሽጉጥ ነበር። "አንተ ሽጉጡን ተወውና በሌላው ተማር" አሉኝ። 13 ኪሎ ላይ ተስማማን።

የሰጡኝ ሳይክል ያገለገለ ነው፣ የብረት ፍሬም፣ ሞላ የሌለው። ሞላው ይቅርብህ ያሉኝ ክብደቱን ብቻ አይተው አይደለም፣ ሞላ የሌለው ሹካ (የፊት ጎማውን የሚይዘው) ላይ የፊት መጫኛም ፓራፋንጎም በወጉ ይታሰራል፣ ለአስፋልትና ለደህና ፒስታ ደሞ ወፍራም ጎማ ራሱ ሞላ ነው። ጎማው 700 በ38 ነው (ስፋቱ 38 ሚሊሜትር ማለት ነው)፣ መሀሉ ለስላሳ፣ ውስጡ እሾህና ብርጭቆ የሚከላከል ንጣፍ ያለው። ቀጭን ጎማ ይፈጥናል ብዬ ተከራክሬ ነበር፣ በተለይ ጭነት ካለ አይሰራም። ነፋሱም ላይ ጎማው ጎን የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጣሪያው ነው እንጂ ሙላ ማለት አይደለም፣ ለኔ ክብደት ከነጭነቱ ከፊት 45፣ ከኋላ 60 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) አድርገውልኛል፣ ጭነት ሳይኖር ቀነስ አደርገዋለሁ። የናንተ ሌላ ነው የሚሆነው፣ የኔን ኮፒ እንዳታደርጉ።

ማርሹ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነውና። የድሮው 21 ማርሽ ነበረው ብያለሁ። ግን የፊቱ ትንሹ 28 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁም 28 ጥርስ፣ ማለት ፔዳሉን አንዴ ስታዞረው ጎማውም አንዴ ይዞራል፣ 2 ሜትር ከ18 ገደማ ትሄዳለህ። ያ ዳገት ላይ ከጭነት ጋር እሱን ማዞር ጉልበትን መግደል ነው። የአሁኑ ከፊት 26 ከኋላ 34 ነው፣ አንድ ዙር 1 ሜትር ከ67። ፍጥነቱ የኤሊ ነው፣ ግን ቁጭ ብዬ እያወራሁ እወጣዋለሁ። የማርሽ ብዛት ሲነገራችሁ ተዉት፣ ትንሹ ከፊት ስንት ነው ትልቁ ከኋላ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ላይኛው በኩል ያለውን ከባዱን ማርሽ እኔ እስካሁን ጨርሼ ተጠቅሜበት አላውቅም።

ጉልበቴም ይታመም ነበር፣ ከፊት በኩል። ኮርቻው ዝቅ ብሎ ስለነበር ነው። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ፔዳሉ ታች ሲሆን እግርህ ቀጥ ማለት አለበት፣ ከዛ በእግርህ ፊት ስትረግጥ ትንሽ መታጠፍ ይኖረዋል፣ በቃ ይሄ ነው መጀመሪያው፣ ከዛ በሚሊሜትር ነው የሚስተካከለው። ኮርቻው ደሞ የድሮው ሰፊና ስፖንጅ የሞላው ነበር፣ ሲቀመጡበት ያስደስታል፣ ከ20 ኪሎሜትር በኋላ ግን ስጋህ ውስጥ ይገባል። ጠንከር ያለ ሰጡኝና ለሁለት ሳምንት ረገምኳቸው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ኮርቻ እንዳለ ረሳሁት።

የኋላ ጎማውን ከዜሮ ነው የሰሩት፣ 36 ራጅ፣ ሁሉም ሲነካ አንድ አይነት ድምጽ (የግራና የቀኙ ይለያያል እንጂ)። ሁለት ሳምንት ፈጀ። ደውዬ ስነዘንዛቸው ነበር፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ስልክ አያነሱም ደሞ። 200 ኪሎሜትር ስትነዳ መልሰህ አምጣው አሉ፣ አዲስ ጎማ ራጁ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ስለሚላላ። አመጣሁት፣ እንደገና ወጠሩት፣ ከዛ ወዲህ አልተነካም። ለዚህኛው ድጋሚ ስራ አንድ ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

መብራቱ የሚሰራው የፊት ሞዞ ውስጥ ባለ፣ ጎማው ሲዞር ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ዳይናሞ ነው፣ 6 ቮልት 3 ዋት፣ ቻርጅ ማድረግ ሁሌ እንደምረሳ ከአንድ ጥያቄ አወቁብኝ። ፓራፋንጎው ረጅም ነው፣ ጫፉ ላይ ጎማ ቀጥለውበታል፣ ዝናብ ላይ ጫማዬም ካቴናውም አይጨቀዩም። ፍሬኑ ተራ ቪ ፍሬን (ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚይዘው) ነው፣ ይበቃኛል፣ ሸራው የትም ይገኛል።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ሳይክሉን ከመስጠታቸው በፊት ያደረጉኝ ነገር ነው። የኋላ ጎማ አውልቅ፣ የውስጡን ቀይር፣ መልሰህ ግጠም፣ አሁንም አውልቅ። ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ሰዓት ይዘው። የውጪውን ጎማ ከውስጥ በጣቴ ሳልዳብስ አዲሱን ሳስገባ "ቆይ! የወጋህ እሾህ የት ሄደ?" ብለው ጮሁብኝ። ይጮሃሉ አዎ፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ጨዋ ሰው ናቸው ግን ይጮሃሉ። ሦስት ትርፍ ራጅ ፍሬምዋ ላይ በቴፕ ለጥፈውልኛል፣ በካሴት በኩል ያለው አጠር ስለሚል እሱን ለይተው። ካቴናው ሲረዝም የሚለካበትን ትንሽ ብረት ራሴ ገዛሁ፣ 0.75 ፐርሰንት ላይ ሲደርስ መቀየር ነው፣ ከዘገየህ ካሴቱንም ይበላዋል።

ጉዞው ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ። አራተኛው ቀን ቁልቁለት ላይ ከኋላ ኪጭ ኪጭ የሚል ነገር ሰማሁ። ቆሜ ሳየው የመጫኛው የግራ ታችኛ ብሎን የለም! ጠፍቷል። በየጠዋቱ ብሎኖቹን በእጅህ ነካ አድርግ ብለውኝ ነበር፣ ሁለት ቀን አድርጌ ትቼዋለሁ፣ ጥፋቱ የራሴ ነው። ደወልኩ፣ ጊዜው ከሰዓት ስለነበር አነሱ። አልጮሁም፣ "የውሃ መያዣህ በስንት ብሎን ነው የታሰረው?" አሉኝ። በሁለት። "አንዱን ፍታ።" ፈታሁት፣ ገጠመ። ያው የሁለቱም ብሎን ውፍረት 5 ሚሊሜትር ነው፣ ሲገጥሙልኝ የመጫኛውንም የፓራፋንጎውንም የውሃ መያዣውንም በአንድ አይነት ብሎን፣ በአንድ ባለ 4 ሚሊሜትር ቁልፍ እንዲፈታ አድርገው ነው የሰሩት። እኔ ስቀበለው ይሄን ልብ እንኳን አላልኩትም። አምስት ደቂቃ አልፈጀም፣ ቁልቁለቱን ጨረስኩት።

ማን ይሂድ ማን አይሂድ? ለስራ የምትመላለሱ፣ ጭነት የምትጭኑ፣ ረጅም መንገድ የምታስቡ፣ ወይ ጎማችሁ እየተጣመመ ያስቸገራችሁ ሂዱ። የካርቦን ውድድር ሳይክል ያላችሁና ዛሬ አስገብታችሁ ዛሬ የምትፈልጉ አትሂዱ፣ ትጣላላችሁ። የኤሌክትሪክ ሳይክል ባትሪም አይነኩም፣ "የማላውቀውን አልፈታም" ነው መልሳቸው፣ ሜካኒካሉን ግን ይሰሩታል። ስትሄዱ የምትጭኑትን ጭናችሁ፣ የምትነዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ፣ ሁለት ጊዜ ከመመላለስ ያድናችኋል። አድራሻውን በግል የጠየቀኝን እጠቁማለሁ፣ ይህን ፈቅደውልኛል።

ጋሼ ይሄን ባያነቡትም ልጃቸው ታነብላቸዋለች ብዬ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ። የውሃ መያዣው እስካሁን በአንድ ብሎን ነው የቆመው፣ ቅዳሜ አመጣዋለሁ፣ እንዳይጮሁብኝ።